ያልወደቀች ሞተር

ሐጂ ኢስማዒል የልጃቸውን ሞተር ራሳቸው እየገፉ ገንደ ቆሬ ድረስ ይመጣሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ታይዋን ገበያ ውስጥ ትልልቅ ሱቆች ያሏቸው፣ አንድ ካርቶን እንኳ በሰው የሚያሸክሙ ነጋዴ፣ በዚያ ጠዋት ላብ በላብ ሆነው የእማማ ይርገዱን የቆርቆሮ በር በሞተሯ ጎማ ገፋ አድርገው ገቡ። ሳላሀዲን ግቢውን ውሃ እያርከፈከፈ ነበር። ቀለም ከመርጨቱ በፊት ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል፤ የድሬ አቧራ መሬቱ ካልረጠበ አርፎ አይተኛም። ሰውየውን ሲያይ ጆጉ ከእጁ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው።

እንዲህ የደነገጠው ሀብታቸውን ፈርቶ እንዳይመስላችሁ። ልጃቸውን ስለሚወዳት ነው።

የሳላሀዲን ሥራ የተቧጨረ የሞተር ልባስ ማደስ ነው፤ ያ የሞተርን ጎንና ጎን የሚሸፍነው ፕላስቲክ። ጋራዥ የለው፣ ሱቅ የለው፤ እዚያው በሚኖርበት ግቢ ከአሮጌ ፍሪጅ ባወጣው ኮምፕሬሰር ቀለሙን ይረጫል። ግቢው የእማማ ይርገዱ ነው። እሳቸው የባቡር ሠራተኛ የነበሩ ባለቤታቸውን ቀብረው ብቻቸውን የቀሩ ሴት ናቸው፤ እናቱ ስትሞትበትም እንደ ልጅ የያዙት እሳቸው ናቸው። ያጠቡትን ልብስ ባሰጡ ቁጥር ከሳላሀዲን ጋር ይጣላሉ። ያልተቀባ አንሶላ የላቸውም ማለት ይቻላል።

የሐጂ ልጅ ፋርሒያ ወደዚህ ግቢ መጀመሪያ የመጣችው እውነት ወድቃ ነው። ከአባቷ ሱቅ ለደንበኛ ዕቃ ስታደርስ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ አንሸራትቶ ጣላት። ክርኗ ተልጦ፣ ሻርፗ አቧራ ለብሶ፣ ውሃ ሰማያዊ ሞተሯን እየገፋች ገባችና፣ "ዋርያ፣ አባቴ ሳያይ አድስልኝ" አለችው። እየሳቀች ነበር። የወደቀ ሰው ሲስቅ ያየው ያን ቀን ነው። ሳላሀዲን የሞተሯን ብሎኖች መፍታት ጀመረ።

ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች። "ቀፊራ ገበያ ጋሪ ገጨኝ" አለች። ሳላሀዲን ጎንበስ ብሎ ጭረቱን አየ። አስፋልት ሲቧጭር መልክ አለው፤ ከበድ ብሎ ይጀምርና እየቀጠነ ይሄዳል፣ ደቃቅ ጠጠር ፕላስቲኩ ውስጥ ይተዋል። የፍሬኑን እጀታና መስታወቱንም ሳይነካ አያልፍም። ይህቺኛዋ ግን እጀታዋም መስታወቷም ደህና ነበሩ። ጭረቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ መልሶ ወደ ታች ይወርዳል። የቁልፍ ጭረት ነው። አንዲት ሴት አንድ ጥግ ቁጭ ብላ፣ ግራ ቀኝ እያየች በገዛ ቁልፏ የገዛ ሞተሯን ጭራለች።

ያን ጊዜ ገባው። ምንም ግን አላላትም። እንዲያውም እሱም በበኩሉ ማጭበርበር ጀመረ። በአጭር ጊዜ የሚያልቀውን ሥራ "ቀለሙ አልደረቀም" እያለ ያጓትተዋል። በድሬ ሙቀት! ምራቅ መሬት ሳይደርስ በሚደርቅበት አገር ቀለም አልደረቀም ሲባል ማን ያምናል? እሷም አላመነችም። ግን ደርቆ እንደሆነ ልታይ በየጊዜው ትመጣለች፤ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ትቀመጥና ፕላስቲኩን በብርጭቆ ወረቀት አብራው ታሻለች። ውሃው ጉልበቷ ላይ ይንጠባጠባል። እሱ ቀና ሲል እሷ ታቀረቅራለች፣ እሷ ቀና ስትል እሱ። እማማ ይርገዱ ከተሰጣው ልብስ ኋላ ሆነው፣ "ይቺ ልጅ ወይ መንዳት አትችል፣ ወይ ደግሞ በጣም ትችል" ይሉና ይስቃሉ።

እወድሻለሁ ግን አላላትም። ሽማግሌ ልላክ ብሎ ያስብና እጁን ያያል። ጥፍሩ ሥር የገባው ቀለም በቲነርም አይለቅ። እሷ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ናት፣ በሩ ላይ ዘበኛ የሚቀመጥበት ግቢ። "ሽማግሌዎቹ ምን ብለው ያስተዋውቁኛል? እማማ ይርገዱ ጓሮ ፕላስቲክ የሚቀባው ልጅ?" ይላል ለራሱ። እንዲህ እያለ ቀኑ ይመሻል፣ ሌላ ጭረት ይመጣል።

ያን ጠዋት አባቷ እሷ የምትቀመጥበት ሳጥን ላይ ተቀመጡ።

"ውሃ ላምጣልዎት ሐጂ?"

"አቦ ተው፣ አንቱታውን ከየት አመጣኸው? ድሬ አይደለም እንዴ ያደግኸው?" አሉት። ውሃውን ግን ተቀብለው ጭልጥ አድርገው ጠጡ። ከዚያ ሞተሯን በእጃቸው እያሳዩ፣ "ይኼ ስንተኛው ነው?" ብለው ጠየቁት።

"አልቆጠርኩትም።"

"እናቷ ትቆጥራለች። ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ ነው የምታድረው። እኔም ወንድሜን ዴንገጎ ዳገት ላይ ሞተር ነው የበላው። ታውቃለህ አይደል?" ሰውየው የሞተሯን መቀመጫ ዳበስ አደረጉ። "ልጄ ሥራዋን ትወዳለች፣ እኔም እንድትሠራ እወዳለሁ። ግን አሁን እውነቱን ንገረኝ። ፕላስቲኩን የምታየው አንተ ነህ። ፋርሒያ እውነት ትወድቃለች?"

ሳላሀዲን አትወድቅም ቢል፣ ጭረቱ ከየት መጣ ይሉታል። ከየት እንደመጣ ቢነግራቸው፣ ልጃቸው ሞተሯን እየጫረች ወንደላጤ ግቢ እንደምትመላለስ ሊሰሙ ነው። ታይዋን ውስጥ ወሬ ከሱቅ ወደ ሱቅ ለመሻገር ጊዜ አይፈጅበትም። ስሟ በሰው አፍ ሲዞር፣ ሴቶቹ ከንፈራቸውን ሲመጥጡ፣ ገና ሳይሆን ታየው። ሊያድናት ፈለገ። እውነቱን ለመናገር፣ ራሱም ፈርቶ ነበር።

"ትወድቃለች" አለ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ ሐጂ። የመጨረሻው እንዲያውም ከባድ ነበር።"

ሐጂ ኢስማዒል ረጅም ጊዜ አዩት። "ሌላ የምትለኝ ነገር የለህም?"

"የለኝም።"

"ምንም?"

"ምንም።"

ሰውየው ከሳጥኑ ሲነሱ ሲመጡ ከነበሩት ይልቅ ያረጁ መሰሉ። "በል ሞተሯን ቀባት፣ ገዢ አላት" አሉ በሩ ጋ ደርሰው። "ፋርሒያም ከእንግዲህ ሞተር አትነዳም። ጅቡቲ አክስቷ ጋ ትሄዳለች። እዚያ የሚፈልጋት የዘመድ ልጅ አለ፣ ዐብዲፈታሕ የሚባል። እስከ ዛሬ እሺ አላልኩም ነበር።"

ሄዱ። ሳላሀዲን እርጥቡ መሬት ላይ ቆሞ ቀረ። ስሟን አትርፎላታል። ራሱን እንዲህ ብሎ ሊያጽናና ሞከረ፤ ግን ከዚህ በፊት እንደዚያን ጠዋት ያለ ባዶነት ተሰምቶት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት እንዴት እንዳለፉ እሱም አያውቅም። ፕላስቲኮቹን አንድ በአንድ ፈታ፣ አጠበ፣ በውሃ አሸ። ውሃ ሰማያዊውን ቀለም ለማመሳሰል ሲለፋ ዋለ፤ የድሬ ፀሐይ የበላውን ቀለም አዲሱ መቼም አይመስለውም፣ ስለዚህ ሁሉንም እንደገና መቀባት ነበረበት። ረጨ፣ አበዛውና ቀለሙ ወረደበት፤ አሽቶ አጠፋና እንደገና ረጨ። የበሩ ቆርቆሮ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይላል። ጎረቤት ነው፣ ወይ ሌላ ደንበኛ። እሷ አልመጣችም።

"ምን አደረግካት?" አሉት እማማ ይርገዱ።

"ምንም አላደረግኳትም።"

"እሱን ነው የምልህ" አሉና ፊታቸውን አዙረው አንሶላቸውን ማጣጠፍ ቀጠሉ።

ፋርሒያ የመጣችው ቀለሙ ደርቆ፣ ፕላስቲኩ ሁሉ ሞተሯ ላይ ተመልሶ ከታሰረ በኋላ ነው። በባጃጅ መጥታ ባጃጁን እንኳ ሳታሰናብት ገባች። ዓይኗ አብጧል። ሞተሯን አላየቻትም፤ ቀጥ ብላ መጥታ ፊቱ ቆመች።

"ወደቀች አልክ?"

"ፋርሒያ..."

"ለአባቴ፣ በዚህ አፍህ፣ 'የመጨረሻው ከባድ ነበር' አልክ? ወላሂ ሲነግረኝ ስቄአለሁ። ሌላ ሰው መስሎኝ!" ድምጿ ተሰበረ። "ሰለቸሁህ? ሰልችቼህ ከሆነ አትምጪ ብትለኝ ምን ነበረበት? በአባቴ በኩል ማባረር ነበረብህ? እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝ፣ በንዴት እሺ አልኩ! ዐብዲፈታሕን እሺ አልኩ!"

"እንዳልወደቅሽ አውቃለሁ።"

"ምን?"

"በቁልፍ ነው የጫርሽው። ከመጀመሪያዋ በቀር አንዷም ውድቀት አይደለችም። ቀፊራ ጋሪ ገጨኝ ካልሽኝ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።"

ፋርሒያ ክው አለች። ከዚያ ሻርፗን ሳብ አድርጋ ፊቷን ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልለይ አለው፤ ሁለቱንም እያደረገች ነበር።

"ይኼን ሁሉ ጊዜ አውቀህ ዝም አልክ?" አለችው ከጨርቁ ሥር።

"ብነግርሽ አፍረሽ ትቀሪያለሽ ብዬ ፈራሁ።"

"ቀለሙስ? አልደረቀም የምትለኝ?"

"ስትሄጂ ይደርቅ ነበር።"

ሻርፑን ከፊቷ አወረደችው። እንዲያ አድርጋ አይታው አታውቅም፤ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አልሰበረም። ሊወዳትና ሊናገር ይኼን ሁሉ ጊዜ ነበረው፤ ያገኘው ግን ይቺን ቅጽበት ብቻ ነው።

"ታዲያ ለምን ዋሸኸው?"

"ምን ልበለው? ልጅህ ሞተሯን እያበላሸች እኔ ጋ ትመላለሳለች ልበለው? ስምሽ ታይዋን ለታይዋን ሲዞር ቆሜ ልይ?"

"እወዳታለሁ አትለውም?" አለችው ቀስ ብላ። "እሱን ማለት አይቀልም ነበር?"

ሳላሀዲን እጁ ላይ ያለውን ቀለም በጨርቅ ማሸት ጀመረ።

"ሂድ" አለችው። "ዛሬውኑ ሂድና ንገረው። እኔ ገና አልሄድኩም፣ ይኸው እዚህ ነኝ።"

ከልብሱ ኋላ የእማማ ይርገዱ ድምፅ መጣ። "ሸሚዝህን አምጣ፣ ልተኩስልህ! ነጩን! ቀለም የሌለበት ካለህ!"

ሁለቱም ሳቁ። ሳላሀዲን ልቡ በተስፋ ሲሞላ ተሰማው፤ እንደዚያ መሙላቱ ነው በኋላ ያሳዘነው።

ታይዋን ያን ቀን እንደወትሮው ሰው በሰው ላይ ነበር። ሐጂ ኢስማዒል ከሱቃቸው ውስጥ በቬንትሌተሮችና በጁስ መፍጫዎች መካከል ተቀምጠዋል። ሳላሀዲን የገባው በተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ነው። ደንበኛው እስኪወጣ ቆየና፣ ቁጭ ሳይል፣ ሳይጠየቅ፣ ያለውን ሁሉ ዘረገፈው። ዋሽቼሃለሁ አለ። ፋርሒያ መንዳት ትችላለች፣ የወደቀችው የመጀመሪያዋን ብቻ ነው አለ። ጭረቱ ከየት እንደመጣም ነገራቸው። "እወዳታለሁ፣ ሐጂ። ሽማግሌ ልኬ በወግ መጠየቅ ነበረብኝ፣ ፈራሁ። አሁን ይኸው ራሴ መጣሁ።"

ሰውየው አልጮኹም። እጃቸውን ዘርግተው አጠገባቸው የሚሽከረከረውን ቬንትሌተር አጠፉት። ሱቁ ውስጥ ሙቀቱ ወዲያው ተሰማ።

"አውቃለሁ" አሉ።

"እ?"

"ልጄ ወደቅኩ ወደቅኩ እያለች ገላዋ ላይ አንዲት አዲስ ጠባሳ የለም። እናቷ ይኼን የማታይ መሰለህ? ሴትዮዋ እንቅልፍ ያጣችው ትወድቅብኛለች ብላ ብቻ አይደለም።" ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "አባት ልጁን ውሰድልኝ እያለ አይዞርም፣ ሳላሀዲን። ነውር ነው። ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ሊተው ይችላል። ያን ጠዋት ሞተሯን ለምን ራሴ ገፋኋት? የሚገፋልኝ ሰው አጥቼ? ሌላ የምትለኝ ነገር የለህም አልኩህ። ደግሜም ጠየቅኩህ።"

"ስሟን ልጠብቅ ብዬ ነው" አለ ሳላሀዲን።

"ከማን?"

ሳላሀዲን በሩ ላይ ወደሚተላለፈው ሰው ዞረ።

"ከእኔ? ስሟን ከአባቷ ነው የምትደብቅላት?" አሁን የሐጂ ኢስማዒል ድምፅ ተንቀጠቀጠ። "ከዚያች ግቢ የወጣሁት፣ ይኼ ልጅ አይፈልጋትም ብዬ ነው። ወይም ይፈልጋታል፣ ግን ለእሷ ብሎ አፉን አይከፍትም ብዬ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ እኔ አላውቅም። ወጣሁና ጅቡቲ ደወልኩ። እሷም እሺ አለች። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ፋቲሓ አንብበው ቃል አስረዋል።"

"ሐጂ፣ ገና ኒካሕ አልታሰረም..."

"የሰው ቤት ፋቲሓ አፍርሼ ልጄን የት አደርሳታለሁ? አንተ የፈራኸው ወሬ ያኔ ነው የሚመጣው። ጅቡቲም ድሬም ያወራታል። 'ቃል ከተሰጠባት በኋላ ለቀለም ቀቢ ብላ የተመለሰች' ይሏታል።" ሰውየው ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አንስተው ወደ ካርቶኖቹ አዞሩ። "አንተን ጠልቼ አይደለም። ወላሂ ጠልቼህ አይደለም። ያን ቀን ብትናገር ኖሮ፣ እጅህን ሳላይ እሰጥህ ነበር።"

ሳላሀዲን እንዴት እንደወጣ አያስታውስም። ሰው ይሞታል ሲባል ይኼ ይሆን? እግሩ ይሄዳል፣ ጆሮው ይሰማል፣ ሌላው ግን ሱቁ ውስጥ ቀርቷል።

ፋርሒያ ትንሽ ራቅ ብላ፣ ከተሰቀሉ የልጆች ልብሶች ሥር ቆማ ትጠብቀዋለች። ስታየው በፊቷ ላይ የነበረው ነገር ቀስ እያለ ጠፋ። ቢሆንም ጠየቀችው።

"ምን አለ?"

እምቢ አለ ቢላት ያበቃ ነበር። ሁለት ቃል ናት። ፋርሒያ አባቷን እየወቀሰች ትሄዳለች፤ እሱ ደግሞ ዕድሜ ልኩን በልቧ ውስጥ የተበደለ፣ ንጹሕ ሰው ሆኖ ይኖራል። አፉ ላይ ደርሳለት ነበር። ስታየው ግን አልቻለም። ለእሷ ሲል ዋሽቶ ምን እንዳተረፈላት አሁን አይቶ ነው የወጣው።

"ያን ቀን ሊሰጠኝ ነበር የመጣው" አላት። "ሁሉን ያውቅ ነበር። እንድጠይቀው ብሎ ነው ሞተርሽን ራሱ ገፍቶ የመጣው። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ቃል ሰጥቷል፣ ቃሉን ማፍረስ አይችልም።"

ሰዎች በመካከላቸው እየተጋፉ አለፉ። አንዲት ሴት ከራሳቸው በላይ የተሰቀለ የልጅ ቀሚስ አውርዳ ዋጋ ጠየቀች።

"አባቴ ያውቅ ነበር?" አለች በመጨረሻ።

"ያውቅ ነበር።"

"እምቢ አለ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር፣ ሳላ። እሱን እየተቀየምኩ እሄድ ነበር። የሆነ የምይዘው ነገር ይኖረኝ ነበር።" እንባዋ ያለ ድምፅ ይወርድ ጀመር፤ አልጠረገችውም። "አሁን ማንን ልጥላ?"

"እኔን።"

"አንተን መጥላት አልችልም" አለችው። "ልሞክር? ሞክሬ ነበር እኮ። የመጣሁ ቀን ከሳቢያን እስከ እናንተ በር ድረስ ስጠላህ ነው የመጣሁት። ስትናገር ጥላቻው ጠፋብኝ።"

እጇን ዘረጋች፤ ግን ገበያ ነው፣ ቀን ነው፣ ሰው ያያል። እጇ መንገድ ላይ ቆመና ሻርፗን ለማስተካከል ተመለሰ። ያችን የተመለሰች እጅ ሳላሀዲን እስከ መቼም አይረሳትም።

"አባቴን ከፍቶት ይሆናል፣ ልግባ" አለች። "እሱም ብቻውን ነው።"

ስትሄድ አየ። ሱቁ ውስጥ ገብታ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች። ሰውየው ሳያዩዋት የውሃ ጠርሙስ ዘረጉላት፤ እሷም ሳታያቸው ተቀበለች። እርስ በርስ የሚዋደዱ ሁለት ሰዎች፣ ምንም ሳይነጋገሩ፣ ጎን ለጎን ሆነው ወደ መንገዱ ተመለከቱ። ሳላሀዲን ግን ከዓይናቸው ፈቀቅ ብሎ ነበር።

ሳላሀዲን የተሰቀሉት ልብሶች ሥር ቆመ። መሄድ እንዳለበት ያውቃል። ግቢው ውስጥ ሞተሯ ለገዢዋ ተዘጋጅታ ትጠብቀዋለች፤ እማማ ይርገዱም ምን ሆነ ሊሉት በር ላይ ቆመው ይሆናል። ለእሳቸው ምን ብሎ እንደሚነግራቸው አሰበ። እንባው መጣ፤ ሊመልሰው ሞከረ፣ አልተመለሰም። ከመቼም በላይ ወደዳት፤ ከመቼም በላይ ደግሞ አጣት።

ልብስ ሻጯ ከመደብሯ ቀና ብላ አየችው። በዕድሜ ጠና ያለች ሴት ናት።

"ወንድሜ፣ ደህና ነህ?" አለችው።

"አይደለሁም" አላት።